የቁም እድር

የሽምብጥ እድር ጸሐፊ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ስም እጽፋለሁ፣ ስም እሰርዛለሁ፣ ሰው ሞተ ብለው ሲደውሉ።
ድንኳኑ በኔ ቁልፍ ነው፤ ሰባ ወንበር፣ አሥር ብረት ድስት፣
የጎደለች ማንኪያ እንኳ አትሰወርም ከእኔ ፊት።

ይታይሽን ግን አላውቃትም ነበር
ከመዋጮዋ በቀር።
በወር ሠላሳ ብር፣ አንዳንዴ በሳንቲም፣
ዘግይታ ታውቃለች፣ ቀርታ ግን አታውቅም።

ባሏ ልየው ድንጋይ ጫኝ ነበር፤
ከመኪና ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ፣
ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ከሰርቪስ ቤት ሰርቪስ ቤት ዞረ።
በስድስት ዓመት ሰባት ቤት።
አንዱ አከራይ “ልጅ በዛ” አለ፣ ሌላው ኪራይ ጨመረ፣
አንዷ መብራት አጠፋች፣ ማታ በሁለት ሰዓት፣
የታላቂቱ ልጅ ጥናት እጨለማው ውስጥ ቀረ።
ጋሪ ላይ የሚጫነው ዕቃ በየጊዜው ቀለለ፤
መጀመሪያ ቁምሳጥኑ፣ ከዚያ አልጋው ተሸጠ፣
ኋላ አንድ ፍራሽና አንድ ጀሪካን ብቻ አለ።

የሰኔ ስብሰባ ነው።
ከጣና የሚመጣው ነፋስ ዝናብ ይዟል፣
ሊቀመንበሩ ቢተው ይናገራል፤ ከኋላ አንዱ ያንቀላፋል።
አጀንዳው ድንኳን ነው፤ አርጅቷል፣ ያፈሳል፣
አዲስ ይገዛ ነው፣ ሰማንያ ሺህ ይበቃል።
እጅ ይውጣ ተባለ። እጅ ወጣ።
ያን ጊዜ ነው ከበሩ ሥር የይታይሽ ድምፅ የመጣ፤

“ስሞት ድንኳን ጥላችሁ፣ ሦስት ቀን ልታስጠልሉኝ፣
ወንበር ልትደረድሩ፣ ለቀስተኛ ልታበሉልኝ፣
ቃል ገብታችሁ የለም ወይ?
የቤት ማኅበሩ ዕጣ ወጥቶልኛል፤ ቦታው አባይ ማዶ፣
እስከ መስከረም ካልተሠራ ይወሰዳል፣ ካገኙት ባዶ።
ለሬሳዬ ጣራ ካለ፣ ለነፍሴ ስለምን ጠፋ?
ሳልሞት ቁሙልኝ፤
ስሞትማ ዝናብ ቢመታኝ፣ ምን ልከፋ?”

ዝም። ቆርቆሮው ላይ ጠብታው ብቻ ይሰማል።
“እድር ለሞት ነው” አለ ቢተው፣ “አንቀጽ አራት ይላል።”
ገለጥኩ። አዎ፣ ይላል።
እትዬ ደብሬ ግን፣ አምና ልጃቸውን የቀበሩ፣
“ደንቡን የጻፈው ሰው ነው” አሉ፤
ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ድንኳኑ ይጠገን ተባለ፣ በመርፌ፣ በሲባጎ።
ሠላሳ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ።

ከዚያማ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባይን ድልድይ ተሻገርን፣
አካፋውን በባጃጅ ጫንን።
ጭድ ያመጣ፣ ምስማር ያመጣ፣ “ጉልበት ብቻ ነው ያለኝ” ያለ፣
ጭቃው ውስጥ የዳኛው ሱሪ የወዛደሩን መሰለ።
ልየው መቆም አይችልም፤
ተቀምጦ፣ ያውም በእድሩ ወንበር፣
የጠመመ ምስማር እያቃና ከትንሹ ልጁ ጋር ይቆጥር ነበር።
ቢተውም መጣ፣ ያ ተቃውሞ ድምፅ የሰጠው፣
ሃያ ማገር አራግፎ፣ በጆሮዬ፣ “እንዳትጽፈው።”

ሁሉም አልመጣም። ስልኩን የዘጋ አለ።
አንዱ ደግሞ ጠየቀ፣ “የኔስ ተራ መቼ ነው?” አለ።
እሱም የሰው ቤት ነው የሚኖር።
መልስ አልነበረንም።

መስከረም ሲጠባ ቤቱ ቆመ።
ሁለት ክፍል፣ ልስን የለው፣ በሩም ትንሽ ጠመመ።
የመጀመሪያዋ ማታ፣ ጎረቤቶች እንዳሉት፣
እስኪነጋ አልጠፋም፣ የልጅቷ መብራት።

እኔ ቤቴ ገብቼ ወጪውን ላሰፍር ደብተሬን ስገልጥ፣
ዓምዱ ሦስት ነው፦ ቀን፣ ወጪ፣ “የሟች ስም”፤
ሌላ ቦታ የለው ከዚህ በስተቀር፣ እዚህም እዚያም ብገላልጥ።
በሦስተኛው ሥር “ይታይሽ” ብዬ ጻፍኩ፤
እጄ ደነገጠ።
ወደ ላይ ተመለስኩ፣ “የሟች”ን ሰረዝኩና
በጠባቡ ክፍተት “የነዋሪ” አልኩ።
ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ
ደብተሩን ሳልዘጋ ቆየሁ።